«ግሎባል ኤንትሪ»፦ በአሜሪካ ድንበር ፈጥኖ የማለፍ ፈቃድ ለማን ይሰጣል? በምንስ ይሰረዛል?

«ግሎባል ኤንትሪ» በሚል ስያሜ የሚታወቀው የአሜሪካ የታማኝ መንገደኞች ፕሮግራም፣ አባላቱ አሻራቸውንና የግል መረጃቸውን አስቀድመው ለመንግሥት በመስጠት ከረጅሙ የኢሚግሬሽን ሰልፍ ተለይተው በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ አገሪቱ እንዲገቡ የሚያስችል አሠራር ነው። ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው በአገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስቴር ሥር የሚገኘው የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ አባልነቱ ለአምስት ዓመት የሚያገለግል ነው።

ለሥራ ጉዳይ ወደ አሜሪካ የሚመላለሱ የአገራችን ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ስለዚህ ፕሮግራም ሲሰሙ በቅድሚያ የሚያነሱት ጥያቄ «እኛስ መመዝገብ እንችላለን ወይ?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው። ኢትዮጵያ ዜጎቻቸው በፕሮግራሙ እንዲታቀፉ ከአሜሪካ ጋር ከተስማሙ አገሮች መካከል ባለመሆኗ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዘ መንገደኛ መመዝገብ አይችልም። ፓስፖርቱ የዲፕሎማቲክ ወይም የሰርቪስ መሆኑም ለውጥ አያመጣም፤ መመዘኛው የመንገደኛው ዜግነትና የመኖሪያ ፈቃድ እንጂ የሥራ ደረጃው አይደለምና። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ሕጋዊ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ፣ በተለምዶ ግሪን ካርድ የሚባለውን፣ የያዘ ኢትዮጵያዊም ሆነ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ማመልከት ይችላል። ጉዳዩ የአገራችንን አንባቢ የሚመለከተውም በዋናነት በዚህ በኩል ነው።

የአሠራሩ መነሻ ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ በ1993 በኒው ዮርክና በኒውዋርክ አውሮፕላን ማረፊያዎች የመንገደኛውን የእጅ ቅርጽ በሚለካ መሣሪያ የሚሠራ ተመሳሳይ ሙከራ ጀምራ ነበር። የኔዘርላንድስ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያም እ.ኤ.አ በ2001 በዓይን ብሌን የሚለይ አገልግሎት በክፍያ ማቅረብ ጀምሯል። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የሽብር ጥቃት በኋላ ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን፣ የታወቁ መንገደኞችን ማፋጠን የመርማሪዎችን ጊዜ ላልታወቁት ለማዋል እንደሚረዳ በማመን አሠራሩ ትኩረት እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረበ። ይኸው ሐሳብ እ.ኤ.አ በ2004 በወጣው የመረጃና የፀረ ሽብር ማሻሻያ ሕግ ውስጥ ገባ። ግሎባል ኤንትሪ በሙከራ ደረጃ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ ጁን 6 ቀን 2008 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ማዕከላት የኒው ዮርኩ ጆን ኤፍ ኬኔዲ፣ የሂውስተኑ ጆርጅ ቡሽ እና የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደንበኞች በሚገባ የሚያውቁት የዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያዎች ነበሩ። ቋሚ ፕሮግራም እንዲሆን የተደረገው እ.ኤ.አ በ2012 ነው።

ከአሜሪካውያን ሌላ የእንግሊዝ፣ የጀርመን፣ የኔዘርላንድስ፣ የስዊዘርላንድ፣ የህንድ፣ የደቡብ ኮሪያ፣ የሲንጋፖር፣ የሜክሲኮ፣ የብራዚልና የሌሎችም አገሮች ዜጎች ማመልከት ይችላሉ። ካናዳውያን የሚስተናገዱት ሁለቱ አገሮች በጋራ በሚያካሂዱት «ኔክሰስ» በተባለው ፕሮግራም ነው። እዚህ ላይ ለመንግሥት ሠራተኛ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ስምምነቱ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አለመሆኑ ነው። አንድ አገር ዜጎቹ እንዲታቀፉለት ሲስማማ፣ አመልካቹ በአገሩ የወንጀል መዝገብ ያለበት መሆን አለመሆኑን የማጣራት ሥራ በራሱ መሥሪያ ቤቶች ላይ ይወድቃል። ለምሳሌ እንግሊዛዊ አመልካች በቅድሚያ የራሱ መንግሥት በሚያካሂደው ማጣራት አልፎ የመለያ ኮድ ከተሰጠው በኋላ ነው ለአሜሪካው መሥሪያ ቤት የሚያመለክተው። እንዲህ ያለው ግንኙነት የተደራጀ የወንጀል መዝገብ፣ አስተማማኝ የመታወቂያ ሥርዓትና በወቅቱ መልስ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የሚጠይቅ ነው።

ማመልከቻው የሚቀርበው በመንግሥት የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ ነው። የአሜሪካ መንግሥት አድራሻዎች «ዶት ጎቭ» በሚል የሚያበቁ ሲሆን፣ ይህን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ቅጹን እንሞላላችኋለን በሚል ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍሉ አስመሳይ ገጾች በርካታ ናቸውና። ክፍያው ለረጅም ጊዜ 100 ዶላር ሆኖ ከቆየ በኋላ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ 120 ዶላር ከፍ ብሏል። ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንም ገንዘቡ ተመላሽ አይደረግም። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ወላጃቸው ወይም አሳዳጊያቸው አባል ከሆነ ወይም አብሮ ካመለከተ አይከፍሉም። ነገር ግን እያንዳንዱ ልጅ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ በራሱ ስም መመዝገብ አለበት። አባት አባል በመሆኑ ብቻ ባለቤቱንና ልጆቹን አስከትሎ በአባላት መስመር ማለፍ አይችልም፤ ይህን ሳያውቁ ተመዝግበው በመጨረሻ ከቤተሰባቸው ጋር ረጅሙን ሰልፍ የሚሰለፉ ጥቂት አይደሉም።

ቅጹ ያለፉትን አምስት ዓመታት የመኖሪያ አድራሻ፣ የሥራ ታሪክና የተጎበኙ አገሮች ይጠይቃል። ለእኛ አገር ሰው አስቸጋሪው ግን ከዚህ ይልቅ ቀላል የሚመስለው የስምና የልደት ቀን ጉዳይ ነው። በእኛ ባህል ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም እንጂ በቤተሰብ ስም ስላልሆነ፣ በአንዱ ሰነድ የአባት ስም በሌላው የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተይዞ ይገኛል። አንድ ስም በላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት ዓይነት መንገድ ተጽፎ መገኘቱም የተለመደ ነው። የልደት ቀን ደግሞ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመነዘር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነቱ በትክክል ባለመሰላቱ በተለያዩ ሰነዶች ላይ ተለያይቶ ሊገኝ ይችላል። ስለሆነም አመልካቹ ስሙን በፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረው ፊደል በፊደል መጻፍ፣ ቀደም ሲል የተጠቀመባቸውን ሌሎች ስሞችም በተዘጋጀው ቦታ ላይ ማስፈር ይኖርበታል። የአውሮፕላን ትኬቱም በዚሁ ስም መቆረጥ አለበት። ፓስፖርት ሲታደስ አዲሱን ቁጥር በፕሮግራሙ መዝገብ ላይ ማስተካከል የአባሉ ኃላፊነት ነው።

መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያውን ማጣራት ጨርሶ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ይሁንታ ሲሰጥ አመልካቹ ለቃለ መጠይቅ ይቀርባል። በዚያም ሰነዶቹ ይመረመራሉ፣ የአሥር ጣቶቹ አሻራ ይወሰዳል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል። በምዝገባ ማዕከላት ቀጠሮ ማግኘት ረጅም ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል፣ ይሁንታ ያገኘ መንገደኛ ከውጭ አገር ሲመለስ ቃለ መጠይቁን ያለ ቀጠሮ በአውሮፕላን ማረፊያው እንዲጨርስ የሚፈቅድ አሠራርም አለ። ከአዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ይህን ቢጠቀም ይመከራል።

በአውሮፕላን ማረፊያው ያለው ሂደት ከጊዜ ወደ ጊዜ ተለውጧል። ቀደም ሲል አባሉ ፓስፖርቱን በመሣሪያ አስነብቦ፣ አሻራውን ሰጥቶ፣ ጥያቄዎችን መልሶና የታተመ ወረቀት ተቀብሎ ነበር የሚያልፈው። አሁን በብዙ ቦታዎች ካሜራው የመንገደኛውን ፊት አንስቶ በመዝገብ ካለው ፎቶግራፍ ጋር ካመሳከረ በኋላ ወደ ኦፊሰሩ ይመራዋል። እ.ኤ.አ ከ2023 ጀምሮም በእጅ ስልክ የሚሠራበት መንገድ ተዘጋጅቷል። ፓስፖርት ይዞ መገኘት ግን ምን ጊዜም ግዴታ ነው፤ ባለ ግሪን ካርዱም ካርዱን መያዝ አለበት። አባልነት ቪዛን አይተካም፣ የመግባት መብትንም አያረጋግጥም። ኦፊሰሩ ማንኛውንም አባል አቁሞ የመጠየቅና ሻንጣውን የመፈተሽ ሥልጣኑ እንደተጠበቀ ነው። አባላት በተጨማሪ በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች ሲሳፈሩ «ፕሪ ቼክ» በተባለው ቀለል ያለ የፍተሻ መስመር ይጠቀማሉ፤ ለዚህም የአባልነት ቁጥራቸው በትኬቱ ላይ መመዝገብ አለበት።

አባልነት በማግኘት ነገሩ አያበቃም፤ ብዙዎች የሚያጡት በጉምሩክ በኩል ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ሻንጣ የራሱ ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቡናው፣ ለእገሌ አድርስልኝ ተብሎ የተሰጠው ጥቅል ሁሉ በውስጡ ይገኛል። በአሜሪካ ሕግ ሥጋ፣ ደረቅም ቢሆን፣ ከአብዛኞቹ አገሮች ማስገባት የተከለከለ በመሆኑ ቋንጣ አያልፍም። ቡና በጥቅሉ የሚፈቀድ ሲሆን፣ ያልተቆላው ግን ወደ ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ አይገባም። ጫት ውስጡ የሚገኘው ካቲኖን በፌዴራሉ ሕግ ከተከለከሉ ዕፆች ምድብ የተፈረጀ በመሆኑ በእጅ መገኘቱ ከመወረስ ያለፈ ጣጣ ያመጣል። ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ወንጀል ባይሆንም አለማሳወቁ ወንጀል ነው፤ አብሮ የሚጓዝ ቤተሰብ በአንድ መግለጫ ሲቀርብ የሁሉም ገንዘብ ተደምሮ ይታሰባል።

ምግብ ይዞ ያስታወቀና የተከለከለው የተወሰደበት መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ብቻ ነው የሚያጣው። ያላስታወቀው ግን ከገንዘብ ቅጣት ሌላ አባልነቱ ሊሰረዝ ይችላል፤ የጉምሩክ፣ የኢሚግሬሽን ወይም የእርሻ ምርት ደንብ መተላለፍ አባልነትን ከሚያሳጡ ምክንያቶች አንዱ ነውና። ጥቅሉ የሌላ ሰው አደራ ነበር የሚለው ምላሽም ብዙ አይጠቅምም። ያልታወቀ ጥቅል ሳይፈትሹ መያዝ ለማንም የማይበጅ ቢሆንም፣ ለግሎባል ኤንትሪ አባል ጉዳቱ የከፋ ነው።

ሌሎች መከልከያዎችም አሉ። በማንኛውም አገር በወንጀል የተፈረደበት ወይም ክስ በመታየት ላይ ያለበት፣ በምርመራ ላይ ያለ፣ እንዲሁም ሐሰተኛ ወይም ያልተሟላ መረጃ የሰጠ ሰው ሊከለከል ይችላል። ጥያቄው የቆየና የተሰረዘ ጥፋትንም የሚያካትት በመሆኑ፣ ከብዙ ዓመት በፊት የተፈጸመ ትንሽ ጥፋትን መደበቅ ራሱን የቻለ የመከልከያ ምክንያት ይሆናል። የተከለከለ ሰው ውሳኔው እንደገና እንዲታይለት ለፕሮግራሙ እንባ ጠባቂ በኢንተርኔት ማመልከት ይችላል። ይሁንና አባልነት በሕግ የተረጋገጠ መብት ሳይሆን መንግሥት የሚሰጠው ልዩ ጥቅም በመሆኑ ክርክሩ ቀላል አይደለም።

ይህ ልዩ ጥቅም በፖለቲካ ውዝግብ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል በኒው ዮርክ ታይቷል። ግዛቲቱ የኢሚግሬሽን ሁኔታቸው ሳይጠየቅ ለነዋሪዎች መንጃ ፈቃድ የሚሰጥና የመንጃ ፈቃድ መዝገቡን ለኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት እንዳይሰጥ የሚከለክል ሕግ በማውጣቷ፣ የፌዴራሉ መንግሥት በፌብሩዋሪ 2020 የኒው ዮርክ ነዋሪዎች በፕሮግራሙ እንዳይመዘገቡና አባልነታቸውን እንዳያድሱ አገደ። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አመራ። በጁላይ ወር የመንግሥት ጠበቆች እግዱን ለመደገፍ የቀረቡት አንዳንድ መግለጫዎች ትክክል እንዳልነበሩ ለፍርድ ቤቱ በመግለጻቸው እግዱ ተነሳ። በእነዚያ ወራት ምንም ያላጠፉ በርካታ አመልካቾች በማያገባቸው ክርክር ተጉላልተዋል።

መረጃን አሳልፎ መስጠትም የራሱ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ በ2019 ለድንበር ጥበቃው መሥሪያ ቤት በንዑስ ኮንትራት ይሠራ የነበረ ድርጅት ላይ በደረሰ የኮምፒዩተር ዘረፋ የመንገደኞች ፎቶግራፎች መሰረቃቸው የታወቀ ሲሆን፣ የሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ሪፖርት ቁጥሩን ወደ 184 ሺህ አድርሶታል። ፎቶግራፎቹ ከፊት መለያ ቴክኖሎጂ ሙከራ የተወሰዱ ነበሩ። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ፊትና አሻራ ግን አይቀየሩም።

ወደ አዲስ አበባ በሚደረገው ጉዞ በኩል ግሎባል ኤንትሪ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ኢትዮጵያ በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ፣ የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ሰው ቦሌ ሲደርስ የሚስተናገደው እንደ ውጭ አገር ዜጋ ነው። ለእነዚህ ወገኖች የመግቢያውን በር የሚያቀልላቸው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተደነገገውና በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። የመታወቂያው ባለቤት ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖርም የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም። ሁለቱ ሰነዶች በየበራቸው ብቻ የሚያገለግሉ በመሆናቸው፣ ሁለቱንም የያዘ መንገደኛ ስሙና የልደት ቀኑ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ከጉዞው አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።