የቆመ ባቡር መብራቱ ለምን አይጠፋም?

በቂርያት ማላኺ፣ በገዴራ፣ በያቭኔ፣ በሌላም ቦታ ሆናችሁ ለምታዳምጡን፣ ዛሬ የማወራችሁ በመዳፍ ላይ ስለምትቀመጥ የባቡር ሞዴልና ስለ መብራቷ ነው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቃሉ እንጀምር። «ባቡር» የእንፋሎት ስም ከሆነው ከፈረንጆቹ «ቫፖር» የመጣ ነው። ለዚህ ነው አገር ቤት ባለሞተሩን ወፍጮም «ባቡር» የሚሉት። ጎንደር ሐዲድ ደርሶት አያውቅም። ስለዚህ ከዚያ ገጠር ለመጡት ለብዙዎቹ እናቶቻችንና አባቶቻችን ባቡር ማለት ጤፉን የሚፈጨው ነበር፤ በሐዲድ የሚሄደውን ያወቁት እዚህ መጥተው፣ «ራከቬት» ሲባል ሰምተው ነው።

ግን ኢትዮጵያም ራከቬት ነበራት። አጼ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ድሬዳዋ ራሷ የሐዲዱ ልጅ ናት፤ ባቡሩ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስላልቻለ ከሥሩ ከተማ ተወለደ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» በእኛ አፍ «ለገሃር» ሆኖ ቀረ።

አሁን አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። የዚያ መስመር ሁለት ሐዲዶች ርቀት አንድ ሜትር ነበር። በ1892 የተከፈተው የያፎ–ኢየሩሳሌም ባቡርም መጀመሪያ ሲሠራ ልክ አንድ ሜትር ነበር፤ በኋላ ነው እንግሊዞች ዛሬ ወደምናውቀው ወደ 1435 ሚሊ ሜትር የቀየሩት። ሞዴል የሚሠራ ሰው እውነተኛውን ባቡር 87 ጊዜ ያሳንሰዋል። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል፤ ገበያ ላይ ያለው ሐዲድ 12 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ አንዱ ትንሽ ሐዲድ ለድሬዳዋም ለድሮዋ ኢየሩሳሌምም ያገለግላል ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ በዚህ ልክ በብዛት የሚገኘው የስዊስ ተራራ ባቡር ነው። የእኛን የሚፈልግ የዚያን ሞተርና ጎማ ወስዶ አካሉን በላዩ ይሠራል። ከዚያ ነው የመብራቱ ጣጣ የሚመጣው።

በድሮው አሠራር በሐዲዱ ላይ ከዜሮ እስከ 12 ቮልት ይለቀቃል። ቮልቱ ሲጨምር ሞተሩ ይፈጥናል፣ አምፖሉም ይደምቃል። ሲቀንስ ሁለቱም ይደክማሉ። ባቡሩ ጣቢያ ሲቆምስ? ጨለማ! ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ ላይ ካለ ደግሞ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቆማሉ። እውነተኛው ባቡር ግን መብራቱን አብርቶ መንገደኛ ይጠብቃል፤ ማታ ቂርያት ማላኺ–ዮአቭ ጣቢያ የቆመ ሰው ያውቀዋል።

ይህን ለመፍታት ብዙዎች ደከሙ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጄኔራል ኤሌክትሪክ «አስትራክ» የሚባል መቆጣጠሪያ አወጣ፤ አምስት ባቡሮችን ለየብቻ ያዝ ነበር። የዚያው ኩባንያ ሠራተኛ ኒክ ሆሎንያክ በ1962 በዓይን የሚታየውን ቀዩን ኤልኢዲ ሠራ። በ1979 የእንግሊዙ ሆርንቢ «ዜሮ 1»ን አቀረበ፤ ይሄ 16 ባቡር ይነዳል። ግን የአንዱ ፋብሪካ ከሌላው ጋር አይግባባም ነበር። በ1990ዎቹ የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር የጀርመኑን የሌንዝን አሠራር መሠረት አድርጎ ለሁሉም የሚሆን ደንብ አወጣ፤ ዲሲሲ ይባላል።

በዲሲሲ ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኤሌክትሪክ አለ፤ ትእዛዙም በዚያው ላይ በአንድና በዜሮ ተጽፎ ይሄዳል። በየባቡሩ ሆድ ውስጥ ያለው ዲኮደር የራሱን ቁጥር ሲሰማ ብቻ ይታዘዛል። ሞተሩ ቆሞም መብራቱ ይበራል። ነጩ ኤልኢዲ የመጣው ግን ሰማያዊው በ1990ዎቹ ከተሳካ በኋላ ነው፤ ለሰማያዊው ሦስት ጃፓን ተወላጅ ሳይንቲስቶች በ2014 ኖቤል ተሸልመውበታል። ኤልኢዲ እንደ አምፖል አይግልም፤ የፕላስቲኩን አካል አያቀልጥም።

እስቲ ወደ እጅ ሥራው። መጀመሪያ ሞተሩ ከሐዲዱ ፈጽሞ መነጠል አለበት፤ በቴስተር ሳታረጋግጡ አትቀጥሉ፣ ካልሆነ ዲኮደሩ ይቃጠላል። ቀይና ጥቁር ሽቦ ወደ ሐዲድ፣ ብርቱካንማና ግራጫ ወደ ሞተር ይሄዳሉ። ነጩ የፊት መብራት፣ ቢጫው የኋላ ነው፤ ሰማያዊው የሁለቱም የጋራ ፖዘቲቭ። ለየኤልኢዲው ሬዚስተር ያስፈልጋል። ዲኮደሩ 14 ቮልት ቢሰጥና ኤልኢዲው 3 ቮልት ቢወስድ 11 ይቀራል፤ በ1000 ኦም ሬዚስተር 11 ሚሊ አምፔር ያልፋል፣ በቂ ነው። አዲስ ዲኮደር አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ 3 ነው፤ ቀይሩት። ለድሮ ባቡር ደግሞ ሞቅ ያለ ቢጫማ ኤልኢዲ ምረጡ፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ የስልክ መብራት ያስመስለዋል።

ቀለሙን ከመጽሐፍ ብቻ አታገኙትም። በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ተመረቀ፤ ድሮ የሠሩት ባቡሮች ድሬዳዋ ባለው ጋራዥ ቆመዋል። በአዋሽና በሚኤሶ በኩል በዚያ ባቡር የተጓዘ አጎት ወይም አክስት ካላችሁ ዛሬ ጠይቁ፦ መብራቱ ምን ይመስል ነበር? ጣቢያ ሲቆም ይጠፋ ነበር ወይ? ፉጨቱስ? ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ። ዲኮደር ከሱቅ ይገዛል፤ ይህን ግን እነሱ ካልነገሩን ማን ይነግረናል?