በ21 ዓመቱ የሚድን ጉዳት

በአገራችን ከሚወደዱ ምርቃቶች አንዱ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ነው። ምርቃቱ የሚታሰበው ለወላጅ ነው፤ ልጅ ይጦራል፣ ልጅ ይቀብራል። «ጡረታ» የሚለው ቃልም የመጣው ከዚያው ከመጦር ነው። ግን ወላጁ ዕድሜውን ሙሉ ሲጦረው የኖረው ልጅስ? አካለ መጠን ደርሶም በጉዳቱ ምክንያት ራሱን መቻል ያልቻለው? ወላጁ ቀድሞ ሲሞት ማን ይጡረው?

ጥያቄውን ቁሐር ሚካኤል ላይ ሆነን እንጠይቀው። እዚያ፣ ከወረታ ከተማ አጠገብ በፎገራ ሜዳ፣ ሁለት ዓይነት ወላጅ እናገኛለን፤ ገበሬና ደመወዝተኛ። ልጆቻቸው አንድ ዓይነት ጉዳት ሊኖራቸው ይችላል። ወላጅ ሲሞት ግን የአንዱ ልጅ ዕጣ በመሬት ሕግ፣ የሌላው በጡረታ ሕግ ይወሰናል።

ከመሬቱ እንጀምር

ከ1967 በፊት በበጌምድር ዋናው የመሬት ሥሪት ርስት ነበር። ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት በመወለድ ነው፤ ወንዱም ሴቷም ይጠይቁታል። ማረስ የማይችል ርስተኛ መሬቱን ለሌላ በእኩል ሰጥቶ ድርሻውን ይበላል። በመርሕ ደረጃ እንግዲህ ጉዳቱ ልጅነቱን አይፍቅበትም ነበር።

ይህን ስንል ርስት ገነት ነበር ማለታችን አይደለም። ድርሻን ለማስከበር ሙግት ነበር፤ ለሙግት ደግሞ ገንዘብ፣ ጉልበትና ዘመድ ያስፈልጋል። ዳኛ ፊት ቆሞ መናገር ለማይችል ሰው፣ መብቱ በወንድሞቹ ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገው። ጭሰኛን ነፃ ያወጣው ይህ ታላቅ አዋጅ ስለ ውርስ ሲናገር ግን ዕድሜን መለኪያ አደረገ። ባለይዞታው ሲሞት በመሬቱ የመጠቀም መብት የሚያልፈው ለሚስት ወይም ለባል እንዲሁም አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ነበር፤ አካለ መጠን የደረሰ ልጅ የሚታሰበው እነዚህ ከሌሉ ነው። ማረስ የማይችለው የ25 ዓመት ልጅ ከጤነኛው ወንድሙ ጋር እኩል ከኋላ ተሰለፈ ማለት ነው።

ወደ ደመወዝተኛው ስንመጣ

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ መልክ የያዘው በ1953ቱ ድንጋጌ ቁጥር 46 እና በ1955ቱ አዋጅ ቁጥር 209 ነው። በ1967 የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ሠራተኞችም ገቡበት። በ1995 አዋጅ ቁጥር 345 መጣ፤ በ2003 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች ወጡ።

የ2003ቱን ሕግ በምሳሌ እንየው። ወር በወር 3,000 ብር ጡረታ ያገኝ የነበረ የወረታ መምህር ሞተ እንበል። ሚስቱ 50 በመቶ፣ ማለትም 1,500 ብር ታገኛለች። ተተኪ የሆነ ልጅ 20 በመቶ፣ ማለትም 600 ብር ያገኛል። ተተኪ ልጅ ማለት ግን 18 ዓመት ያልሞላው ነው፤ የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ሕመም ካለበት 21 ዓመት ያልሞላው። ሕጉ ጉዳቱን አይቶታል፣ ሦስት ዓመትም ጨምሮለታል። ከዚያስ? በ21ኛ ልደቱ ማግስት ልጁ ይነሳና ይሄዳል? ጉዳቱ እንደነበረ ነው፤ 600 ብሩ ግን ይቆማል። ታናሽ ሆኖ የሚጦረው ልጅ እናቱ ናት እንጂ መንግሥት አይደለም።

የሚገርመው ጊዜው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ሕሙማንን እንዲረዳ ይላል። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን ያጸደቀችው በ2002 ነው። የ21 ዓመቱ ገደብ የተጻፈው በዓመቱ ነው።

ሌላው ዓለምስ?

ሀብታም አገር መጥቀስ ቀላል እንደሆነ እናውቃለን። የምንፈልገው ግን ገንዘባቸውን ሳይሆን ጥያቄያቸውን ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1956 የማኅበራዊ ዋስትና ሕጋቸውን ሲያሻሽሉ ከ18 ዓመቱ በፊት ጉዳት የደረሰበት ልጅ ካደገም በኋላ በወላጁ መዋጮ አበል እንዲያገኝ ፈቀዱ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ መነሻውን ወደ 22 ዓመት ከፍ አደረጉት። ልዩነቱን ልብ በሉ። እነሱ «ጉዳቱ የጀመረው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የእኛ የ2003 ሕግ «አሁን ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጉዳቱ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ቀን መቁጠሪያ።

የ2003ቱ አዋጆች በ2014 በወጡት አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል። ዛሬ ጉዳይ ያለው ቤተሰብ ወደ ጡረታ ቢሮ ሲሄድ «ተተኪ» የሚለውን ትርጉም በእነዚህ ውስጥ አንብቦ ይሂድ። ከሁሉ በፊት ግን ወላጅ በሕይወት እያለ የልጁ ስም በቤተሰብ መረጃው ላይ ይመዝገብ፤ ጉዳቱ በልጅነት መጀመሩን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃም ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። ወላጅ ከሞተ በኋላ የ20 ዓመት የሕክምና ታሪክ መፈለግ ለማንም ከባድ ነው።

የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ ግን ይህ ሁሉ አይደርሰውም። ደመወዝ የለውም፣ መዋጮ የለውም፣ ስለዚህ ተተኪ የሚባል ልጅም የለውም። ለልጁ የሚተወው መሬትና ወንድሞቹን ነው። ሩዝ ከገባ ወዲህ የፎገራ ሜዳ መሬት ተፈላጊነቱ ጨምሯል፤ ያን መሬት ራሱ ማረስና ራሱ መሟገት የማይችለው ወራሽ ደግሞ ከቀድሞው ይበልጥ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ስለ ጡረታ ስንከራከር ይህንን ልጅ ካልጨመርን፣ ክርክራችን የደመወዝተኞች ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።