የሦስት አገር ኳስ

ስሙኝማ! የኢትዮጵያዋ መተማ ዮሐንስና የሱዳኗ ገላባት በአንድ ድልድይ የሚገናኙ ጎረቤቶች ናቸው። ወዲህ ሰሊጥ ይጫናል፤ ወዲያ ዋጋው በዓረብኛ ይቆረጣል። አፄ ዮሐንስ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚሁ ነው፣ መጋቢት 1881 ዓ.ም.። ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። ቀደም ሲል በ1868 ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን ያሸነፉትም እሳቸው ነበሩ።

እንግዲህ የእነዚሁ ሦስት አገሮች ልጆች በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተገናኙ፤ ከኦምዱርማን ፊት ለፊት ማለት ነው። የመጡት ግን ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ስለወጣች የእኛ ቡድን ሳይጫወት ለፍጻሜ ደረሰና በግብፅ 4 ለ 0 ተረታ። አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው! ይሁን፤ መተማ ላይ ከዚያ የከፋ ሽንፈት አይተናል። ይኸኛው እንኳ ሁሉም በሰላም አገሩ የገባበት ነው።

መንግሥታቱን ማቀራረብ ለኳስ የቀለላት ይመስለኛል። የከበዳት እንደ ኳስ ተጫዋቹ ሉቻኖ ቫሳሎ ያለውን ሰው ከሰው ማቀራረብ ነው። አባቱ የጣሊያን ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት፤ የተወለደው አስመራ። ለጣሊያኑ ሐበሻ፣ ለሐበሻው ክልስ። በዚያ ላይ ጣሊያን ከአገር ከወጣ ገና ብዙ አልቆየም፤ የሰው ቁስል አልደረቀም። እሱ ግን የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆነ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ። የአፍሪካ ዋንጫው ፍጻሜ እንደገና ከግብፅ ጋር ነው። ባዳዊ ለግብፅ አገባ፤ ግርማ ተክሌ መለሰ፤ ባዳዊ ወዲያው ደገመ። ሰዓቱ እያለቀ ነው። ስድስት ደቂቃ ሲቀር ያ ክልስ የሚሉት ልጅ አቻ አደረገ! በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ ከዚያም መንግሥቱ ወርቁ አስቆጠሩ። 4 ለ 2።

ዋንጫውን አፄ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ ሰጡ። ጣሊያን በ1928 ከአገራቸው ያሰደዳቸው ንጉሥ፣ ለጣሊያን ወታደር ልጅ! በዚያች ቅጽበት አባቱ ማን እንደሆነ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም። ጨዋታ በሌለበት ቀን ግን ይጠየቅ ነበር።

በደርግ ዘመን ሉቻኖ ተሰደደ፤ ወደ አባቱ አገር። እዚያም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አረፈ።