የበሰቃ ሐይቅና የምስል ንባብ በር
ከአዳማ ወደ አዋሽ የሚጓዝ ሰው መተሐራ ከመግባቱ በፊት፣ በፈንታሌ ተራራ ግርጌ፣ ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አጠገብ የበሰቃን ሐይቅ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የሐይቁ ስፋት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ከ40 በላይ ሆነ። የግጦሽ መሬት ዋጠ፣ አስፋልቱንና የጅቡቲን ሐዲድ ተጋፋ። ከመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውኃ ነው ወይስ ከመሬት ውስጥ የሚፈልቀው የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም። በዚያው ስምጥ ሸለቆ ያለው የአብያታ ሐይቅ ደግሞ እየሸሸ ነው። የሁለቱም ሐይቆች ታሪክ ዋና መዝገብ ምስል ነው፤ በመጀመሪያ ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶ፣ ላንድሳት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1972 ከመጠቀ ወዲህ ደግሞ የሳተላይት ምስል። ይህ መዝገብ ዛሬ ለማንም ተመራማሪ ክፍት የሆነው በሳተላይቱ ብቻ አይመስለኝም። ጥቂት ፕሮግራመሮች የወሰኑት አንድ ውሳኔም ድርሻው ትልቅ ነው።

የላንድሳት ምስል በመጀመሪያ የሚከማቸው በማግኔት ቴፕ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ክምችቱ በኢንተርኔት በነፃ ተለቀቀ። ምስሉ የሚመጣበት መንገድ ሲለወጥ የሚያነበው ሶፍትዌር በየጊዜው እንደ አዲስ መጻፍ ነበረበት ማለት ነው፤ ግን አልሆነም። አልደስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ላወጣው፣ ዛሬ የላንድሳት ምስልም ለሚቀርብበት ቲፍ የተሰኘ የምስል ዓይነት ሳም ሌፍለር ሊብቲፍ የሚባል ላይብረሪ ጻፈ። በውስጡ ቲፍ ክላየንት ኦፕን የሚባል ፋንክሽን አለ። ይህ ፋንክሽን የፋይል ስም ብቻ ተቀብሎ ዲስክ ውስጥ አይፈልግም፤ ተጠቃሚው ራሱ የጻፋቸውን ሰባት ፋንክሽኖች ይቀበላል፦ ማንበቢያ፣ መጻፊያ፣ ወደ ተፈለገው ቦታ መዝለያ፣ መዝጊያ፣ መጠን መጠየቂያ፣ ሁለቱ ደግሞ ፋይሉን ከሜሞሪ ጋር ማያያዣና መፍቻ። ወፍጮ ቤት እህሉ በአህያ ይምጣ በጋሪ ወፍጮው አይለይም፤ አፉ ላይ የፈሰሰለትን ይፈጫል። ሊብቲፍም ባይቱ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። የጄፔግና የፒኤንጂ ላይብረሪዎችም ተመሳሳይ በር አላቸው።

ፍራንክ ዋርመርዳም እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ጂዳል የተባለ የካርታ ሶፍትዌር በዚሁ በር ገባ። የራሱን የማንበቢያ ፋንክሽኖች ለሊብቲፍ ሰጠ፤ ምስሉን የሚፈታው ክፍል ሳይነካ ቲፍ ከሜሞሪ፣ ከዚፕ፣ በኋላም ከሩቅ ሰርቨር ይነበብ ጀመር።

የበሰቃ አካባቢ የከረዩ አርብቶ አደር ውኃው የት ድረስ እንደነበረ ያለ ኮምፒውተር ያውቃል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከማንም በላይ ያውቃል። ሆኖም ካሳ ሲጠየቅ ወይም የመንገድ ከፍታ ሲወሰን፣ በየትኛው ዓመት ስንት ሄክታር እንደተዋጠ በቁጥር ማሳየት ግድ ነው፤ ምስክርነቱ ከምስል ጋር ሲቆም ይበልጥ ይጠነክራል። ሌላው ደግሞ ፋይሉን አውርዶ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ማንበብ ምን ከለከለ ይላል። አንድ የላንድሳት ምስል በየጎኑ 180 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ይሸፍናል። በ30 ሜትር ፒክስል ሲለካ 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ውኃ 44 ሺህ ፒክስል ገደማ ብቻ ነው፤ ከምስሉ አንድ ሺኛውን በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ በሆነበት ቦታ፣ የ30 ዓመት ምስል የሚያወዳድር ተማሪ ሁሉንም ከማውረድ ሐይቁ ያለበትን ቁራጭ ብቻ ቢያነብ ሥራውን ሊጨርስ ይችላል። ይህን የሚያስችለው የመዝለያው ፋንክሽን ነው፤ ምስሉ በቁራጭ በቁራጭ ተደርድሮ መቀመጡም ግድ ነው፣ ላንድሳትም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በዚህ መልክ ይቀርባል።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ነፃነቱ አደጋ አለው የሚለው ነው። በተጠቃሚው የተጻፈ ማንበቢያ አንድ ሺህ ባይት ተጠይቆ መስመሩ ስለተቋረጠ ስድስት መቶ ብቻ ቢመልስ፣ የጎደለው በባዶ ተሞልቶ የሐይቁ ዳር በውሸት ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ ሊብቲፍ በሩን ከፍቶ ዝም አላለም፤ የጠየቀውን ባይት ከደረሰው ጋር ያስተያያል፣ ከጎደለም ይህን ያህል ጠብቄ ይህን ያህል አገኘሁ ብሎ ስህተቱን ያሳውቃል።