የግብር ሥዕልና የምኒልክ አዳራሽ

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ይበላ የነበረው ግብር በባህላዊ ሠዓልያን ተደጋግሞ ተሥሏል። ሠዓሊው ንጉሠ ነገሥቱን አግዝፎ፣ መኳንንቱንም በየማዕርጋቸው አስቀምጦ ሲያሳይ፣ ዓላማው የክብርን ሥርዓት መግለጽ እንጂ የአዳራሹን ስፋት መለካት አልነበረም። ጠጁን የጣሉት፣ እንጀራውን የጋገሩት ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ከሥዕሉ ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ ሥዕሉን እንደ ፎቶግራፍ የሚመለከት ተማሪ የታሪኩን ከፊል ብቻ ይማራል።

የቤተ መንግሥቱ ቅጥር ከፊሉ በመስከረም ወር 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። በመሆኑም በጎፋና በሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች የሚያስተምሩ መምህራን ተማሪዎቻቸው ሥዕሉን ከአዳራሹ ጋር እንዲያነጻጽሩ ማድረግ ይችላሉ። ያልተሣሉትም ሠራተኞች በትምህርቱ ውስጥ ተገቢ ስፍራቸውን ሊያገኙ ይገባል።