ባሕታዊና ሕዝብ በዝቋላ ተራራ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ሞጆን እንዳለፈ በስተግራው ብቻውን የቆመ ተራራ ያያል፤ ይኸውም ዝቋላ ነው። ከፍታው 3000 ሜትር ገደማ ሲሆን፥ በራሱ ላይ እሳተ ገሞራ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ሐይቅ ተኝቷል።

የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገድል እንደሚተርከው፥ ጻድቁ ከግብፅ መጥተው በዚህ ሐይቅ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቀው ለኢትዮጵያ ምሕረትን ለመኑ። ልብሳቸው የገላቸው ጠጉር፥ ባልንጀሮቻቸውም 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ነበሩ። ይህን እንደ ዜና መዋዕል ማንበብ አይገባም፤ ነገር ግን የብሕትውናን ሐሳብ ይህን ያህል አጥርቶ የሚያሳይ ጽሑፍ ጥቂት ነው። መነኩሴ በአበምኔት ሥር በማኅበር ይኖራል፤ ባሕታዊ ግን ከማኅበሩም ይለያል።

ዳሩ ግን ከሰው የሸሸውን ሰው ይከተለዋል። በግብፅ አባ እንጦንስ በፈረሰ ምሽግ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ተዘግተው ከኖሩ በኋላ፥ ሕዝብ ቢበዛባቸው ወደ ቀይ ባሕር አቅራቢያ ወዳለው ተራራ ሸሹ። ወደ ዝቋላም ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ብዙ ሕዝብ ይወጣል፤ ተራራው በኦሮሞ ዘንድ ከጥንት የተከበረ ስለ ሆነ፥ ክርስቲያን ያልሆነውም ስለቱን ይዞ ሲመጣ ኖሯል። ብቸኝነት የቀደሰው ስፍራ በዚህ መንገድ የሕዝብ መገናኛ ሆነ፤ ለባሕታዊው የቀረለት ሐይቁን የከበበው የጥድና የአስታ ደን ነው።

ከመንደር መራቅ ከጥበቃም ያርቃል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዚሁ የደብረ ከዋክብት ገዳም 4 መነኮሳት በታጣቂዎች ተወስደው ተገደሉ።