አፍላጦን በየት በኩል መጣ? ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር እና በግዕዝ የሚናገሩት ግሪኮች

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለን ሎጂክ የሚባል ኮርስ ነበረን። ለኢንጂነሪንግ ተማሪ እንዲህ ያለው ኮርስ በሒሳብና በፊዚክስ መሃል የሚሸጎጥ፣ ለፈተና ሁለት ቀን ሲቀረው የሚነበብ ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሃንድአውቱን ገልጬ ስሞቹን ድምፄን አውጥቼ አጠና ነበር፦ ሶቅራጥስ፣ ፕሌቶ፣ አሪስቶትል፤ ከዚያ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ይዘለልና ዴካርት።

አጠገቤ የተቀመጠው የሐይቅ ልጅ የዶርም ጓደኛዬ ነበር። «ፕሌቶ የምትለው አፍላጦን እኮ ነው» አለኝ። አጎቱ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ስለሆነ ስሙን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል። ከኋላችን የነበረው የወረኢሉ ልጅ ደግሞ «አባቴም ያውቀዋል፤ እሱ ግን አፍላጡን ነው የሚለው» ብሎ ሳቀ። የእሱ አባት መስጊድ ውስጥ የቀሩ ናቸው።

እኔ ሃንድአውቱን ይዤ ቀረሁ። አንድ የአቴና ሰው በገዳምም በመስጊድም በኩል ወሎ ደርሶ ሲያበቃ፣ እኔ ዘንድ የደረሰው በእንግሊዝኛ ስሙ ብቻ ነው። እንዴት? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ስጀምር ያገኘሁት ሰው የፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው

ክላውድ ሰምነር የተወለደው በ1919 በካናዳ ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል፣ ማለትም ካቶሊካዊ ካህን ነበር። ወደ አዲስ አበባ የመጣው በ1953 ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ኮሌጁን የሚመሩትም ሌላው ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት ነበሩ። ሰምነር ፍልስፍና ማስተማር ጀመረ። ኮሌጁ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲባልም፣ ከአብዮቱ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲባልም እዚያው ነበር። ያረፈው በ2012 ነው።

የፍልስፍና መምህር ለአሥርተ ዓመታት ስለ ግሪኮች አስተምሮ ጡረታ ቢወጣ የሚገርም ነገር የለውም። ሰምነርን ለየት የሚያደርገው ግሪኮቹን ፍለጋ ወደ አቴና ሳይሆን ወደ ግዕዝ ብራና መሄዱ ነው። ከ1974 እስከ 1982 ባሉት ዓመታት «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» በሚል የጋራ ርዕስ አምስት ቅጾች በእንግሊዝኛ አሳተመ። ዓመቶቹን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው ዘውዱ በወደቀበት ዓመት ነው፤ የተቀሩት የወጡት ግቢው በዘመቻ፣ በቀይ ሽብርና በማርክሲዝም ትምህርት በተናጠበት ዘመን ነው። በ1976 ደግሞ እዚያው አዲስ አበባ በአፍሪካ ፍልስፍና ላይ ዓለም አቀፍ ሴሚናር አዘጋጀ።

በቅጾቹ ውስጥ ምን አለ? የመጀመሪያው «አንጋረ ፈላስፋ» ወይም «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» እየተባለ በሚጠራው መጽሐፍ ላይ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በዘርዓ ያዕቆብና በወልደ ሕይወት ሐተታዎች ላይ ናቸው። አራተኛው በ«ስክንድስ»፣ አምስተኛው በ«ፊሳልጎስ» ላይ ነው። ሐተታዎቹን ለብቻ ብናስቀምጥ የቀሩት ሦስት መጻሕፍት ሥራቸው ግሪክ ነው። የኢትዮጵያን ፍልስፍና ፍለጋ የወጣ ሰው በየመንገዱ ግሪኮችን አገኘ ማለት ነው።

ስሙ ራሱ ይመሰክራል

እኛ ኢንጂነሮች አንድ ሲግናል በየት በኩል እንደመጣ ማወቅ ስንፈልግ በላዩ ላይ የቀረውን ጠባሳ እናያለን። እያንዳንዱ መስመር የራሱን ምልክት ይተዋል። በቃላትም ላይ እንደዚያው ይሠራል።

በአክሱም ዘመን መጻሕፍት በቀጥታ ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ይተረጎሙ ነበር። ግዕዝም ለግሪኩ «ፕ» ድምፅ የሚሆኑ ፊደላት፣ «ጰ»ን እና «ፐ»ን፣ አበጅቶ ነበር። ጴጥሮስና ጳውሎስ በዚህ መንገድ የገቡ ስሞች ናቸው። ፕላቶንም በዚሁ በር ቢገባ ኖሮ ስሙ በ«ጰ» ወይም በ«ፐ» ይጻፍ ነበር። እኛ ያለን ግን «አፍላጦን» ነው። «ፕ»ን ወደ «ፍ» የሚቀይር፣ ከፊቱም «አ» የሚጨምር ቋንቋ ዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛ «ፕ» የለውም። የሐይቁ ልጅ አፍላጦንና የወረኢሉ ልጅ አፍላጡን ያው አንድ ሰው ናቸው፤ ሁለቱም በዐረብኛ በኩል ተሻግረው መጥተዋል።

«ፈላስፋ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። በዐረብኛ «ፈላሲፋ» ብዙ ቁጥር ነው፤ ፈላስፎች ማለት ነው። በእኛ አፍ ግን አንድ ሰው ፈላስፋ ይባላል። ብዙ የነበረው ቃል ድንበር ሲሻገር ነጠላ ሆነ።

«ፊሳልጎስ» ግን ሌላ ነው። ግሪክኛው ፊዚዮሎጎስ ይላል፤ ስለ ተፈጥሮ የሚናገር ማለት ነው። መጽሐፉ ምናልባት በእስክንድርያ የተጻፈ፣ አራዊትን፣ አዕዋፍን፣ ዕፅዋትንና ድንጋዮችን እያነሳ መንፈሳዊ ትርጉም የሚሰጥ ነው። አንበሳ አዳኝ እንዳያገኘው ዱካውን በጅራቱ ያጠፋል ይላል፤ ሲተኛም ዓይኑን አይከድንም ይላል። ዛሬ ባዮሎጂ ብሎ የሚያምንበት የለም፤ ዓላማውም ባዮሎጂ አልነበረም። ይህ መጽሐፍ በአክሱም ዘመን በቀጥታ ከግሪክኛ ተተረጎመ። ስለዚህ ሁለት መስመር አለን፦ አንዱ ቀጥታ፣ ሌላው በዐረብኛ የዞረ። በመሃላቸው አንድ ሺህ ዓመት ገደማ አለ፤ የ«መጽሐፈ ፈላስፋ» ትርጉም የሚመደበው በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ተርጓሚውም አባ ሚካኤል ይባላል።

ዝም ያለው ፈላስፋ

ከሦስቱ መጻሕፍት እኔን የያዘኝ ስክንድስ ነው። ግሪኮቹ ሴኩንዶስ ይሉታል። ወጣቱ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር ይላካል። እዚያም ሴት ሁሉ አይታመንም የሚል አባባል ይሰማል። ይህን በእናቱ ላይ ሊፈትን፣ ማንነቱን ደብቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ገንዘብ ሰጥቶ ያግባባታል፤ እሷም እሺ ትላለች። ሌሊቱን ምንም ሳያደርግ ካሳለፈ በኋላ ልጇ መሆኑን ሲነግራት እናትየዋ በኀፍረት ራሷን ሰቀለች። በቃሉ እናቱን የገደለ ልጅ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ላለመናገር ማለ።

ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን (117–138) ሊያናግረው ሞከረ፤ እምቢ አለ። ሰይፍ ያዢው በስውር ታዟል፦ ሞት ፈርቶ ከተናገረ ግደለው፣ ዝም ካለ መልሰህ አምጣው። ዝም አለ፤ ተረፈ። ከዚያ ንጉሡ የሚጠይቀውን በጽሑፍ ይመልስ ጀመር፦ ዓለም ምንድን ነው? ሰው ምንድን ነው? ሞትስ?

ታሪኩ በሴቶች ላይ ያለው አመለካከት ክፉ ነው፤ ያንን ማለሳለስ አልፈልግም። ግን አንድ ሐሳብ፣ ሳይመረምሩት የተቀበሉት አባባል፣ ምን ያህል ሊያጠፋ እንደሚችል የሚያሳይ እንዲህ ያለ ታሪክ ብዙ አላነበብኩም። የፈተነው እናቱን ነው፤ የወደቀው ግን ፈተናው ራሱ ነው።

መቅዳት ነው ወይስ መሥራት?

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። ከግሪክና ከዐረብ የተተረጎመን መጽሐፍ «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» ማለት ይቻላል?

የሰምነር መልስ ይቻላል ነው። ኢትዮጵያውያን ተርጓሚዎች ቃል በቃል አልገለበጡም፤ ጨመሩ፣ ቀነሱ፣ ለራሳቸው ዓለም እንዲመች አድርገው ለወጡ፤ ስለዚህ ውጤቱ የራሳቸው ማኅተም አለበት ይላል። ይህን ያለው እንዲያው በፍቅር ብቻ አይደለም። ጽሑፎቹን ከምንጮቻቸው ጋር ጎን ለጎን እያስቀመጠ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ለሚሠራ ኢንጂነር ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ከውጭ የመጣ ማሽን መለዋወጫ ሲያጣ፣ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ ተሞርዶ እንደገና ይሠራል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማሽኑን የሠራው ፋብሪካ ቢያየው ላያውቀው ይችላል። ያ ማሽን የማን ነው?

ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ መጽሐፍ ከግሪክኛ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ሲሄድ ለውጥ በየጣቢያው ይገባል። የግዕዙን ሶቅራጥስ ከግሪኩ ጋር ብቻ አነጻጽሮ «ይህ ልዩነት ኢትዮጵያዊ ነው» ማለት አይቻልም፤ ልዩነቱ ቀድሞ ባግዳድ ውስጥ የገባ ሊሆን ይችላል። በ9ኛው መቶ ዘመን ሑነይን ኢብን ኢስሓቅን የመሰሉ ተርጓሚዎች የፈላስፎችን አባባሎች በዐረብኛ ሲሰበስቡ የራሳቸውን ምርጫና አቀራረብ አስገብተዋል። መለካት ያለበት የመጨረሻው ጣቢያ መግቢያና መውጫ ነው፤ ማለትም ዐረብኛውና ግዕዙ። የሰምነር ሐሳብ ጠንክሮ የሚቆመው በዚህ ሚዛን ሲያልፍ ነው።

የዘርዓ ያዕቆብ ጉዳይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሐተታው በ1667 እንደተጻፈ ይናገራል፤ ዴካርት በ1637 ዝነኛ መጽሐፉን ካሳተመ ሠላሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ብራናው አውሮፓ የደረሰው በ1850ዎቹ፣ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ለአንቷን ዳባዲ ሲልከው ነው። በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ «ሚስዮናዊው ራሱ የጻፈው ነው» አለ። ሰምነር ጽሑፉን ከውስጥ መርምሮ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ሲል ተከራከረ። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም፤ በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሲወጣም አብሮ ተነሥቷል። እዚህ ላይ የሰምነር ውለታ ውጤቱ ላይ ብቻ አይደለም። ከእሱ በኋላ ማንም «ነው» ወይም «አይደለም» ሲል ማስረጃ መቁጠር ግዴታው ሆነ።

ያልተከፈተው በር

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የመጻሕፍት ማዕከል ነበር፤ እሳቸው ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል በ1280/81 የተጻፈ ማስታወሻ አለበት። ጽሑፍን ሳይታክቱ የሚገለብጡ እጆች ባይኖሩ ሰምነር የሚያነበው ነገር ባልነበረ።

ግን ወሎ ሌላም በር አላት። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ከነሕው (ሰዋስው) እና ከፊቅህ ጎን «መንጢቅ» የሚባል ትምህርት አለ። መንጢቅ ማለት ሎጂክ ነው። በእስላሙ ዓለም በሰፊው የታወቀው የመንጢቅ መጀመሪያ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዘመን የአል አብሀሪ «ኢሳጉጂ» ነው። ስሙ ራሱ ግሪክኛ ነው፦ «ኢሳጎጌ»፣ መግቢያ። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ፖርፊሪ ለአሪስቶትል ሎጂክ የጻፈው መግቢያ ስም ነው።

አምስቱ የሰምነር ቅጾች የግዕዝ ናቸው፤ ይህን በር አይከፍቱም። እሱ ራሱ ግን በግዕዝ አልቆመም። ከ1995 እስከ 1997 የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ ዘፈኖችና ተረቶች በሦስት ቅጽ አሳትሟል። የወሎ የዐረብኛና የዐጀም ጽሑፎችም በየመስጊዱና በየቤቱ ሳጥን ውስጥ አሉ። እነሱን ከግዕዙ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ለሚቀጥለው ተመራማሪ የተተወ ሥራ ነው። ካሜራ፣ ኮምፒውተርና ሦስት ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች ይፈልጋል። ከመካከላቸው አንዱ ኢንጂነር ቢሆን አይከፋም።

ያን ቅዳሜ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስንወርድ ሃንድአውቱ ላይ «ፕሌቶ» ከሚለው ጎን በእስክሪብቶ «አፍላጦን / አፍላጡን» ብዬ ጻፍኩ። ፈተናው ላይ አልመጣም። ወረቀቱ ግን እስካሁን አለ።